ሳጥኑ የማይከፈትበት ወራት

ሰኞ፣ 4

የጋሼን መደርደሪያ ስጠርግ ከቆርቆሮ ሳጥኑ ሥር አንዲት ገለባ የመሰለች የብል ቢራቢሮ በረረች። ሳጥኑን ከፈትኩት። ከአርባ ስምንቱ ዝንቦች ስድስት ቀርተዋል። ሌላው ባዶ መንጠቆና አቧራ ነው።

ዘጋሁት። ጋሼ ከዓይን ሐኪሙ ተመልሶ ደረጃው ላይ ነው፤ ዱላው ይሰማኛል።

ማክሰኞ፣ 5

ነገሩን ለራሴም ቢሆን በሥርዓት ላስቀምጠው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣ ያጠመደው በትል ወይም በሊጥ አይደለም፣ በዝንብ ነው። እውነተኛ ዝንብ አይደለም። መንጠቆ ላይ ላባና ፀጉር በቀጭን ክር እየጠመጠመ፣ ወንዙ ላይ የሚበሩትን ነፍሳት አስመስሎ ይሠራል፣ ዓሣውም ይታለላል። እኔ እስከ ትናንት ድረስ የትልቅ ሰው መጫወቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

የዓይኑ ግፊት ሲብስበት ከሦስት ወር በፊት እኔ ዘንድ ገባ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ዕቃዬን ማንም አይንካብኝ።” ዕቃው ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ መሥሪያዎቹ ያሉበት የእንጨት ሣጥን፤ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ከእሱ አይለይም። ሌላው ተሠርተው ያለቁት ዝንቦች የተደረደሩበት ይኸው የቆርቆሮ ሳጥን። ክፍሉ ቀለም ሲቀባ የቆርቆሮውን አነሳሁና ሦስት ሳምንት ከሱፍ ብርድ ልብሶች መሀል ከተትኩት። ናፍታሊን አላደረግኩም፤ ሽታው ላባው ላይ ከቀረ ዓሣ ይሸሻል ሲል ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ከፍቼ ሳላይ ወደ ቦታው መለስኩት።

ላውንደሪ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ደንበኛ ኮት ይዞ ሲመጣ “ሱፍ ከሱፍ ጋር ያለ መድኃኒት አይቀመጥም” ብዬ የምቆጣው እኔ ነኝ። እንግዲህ አሁን ማን ይቆጣኝ?

ልነግረው ነበር። ትናንት ደረጃውን ወጥቶ ሲቀመጥ አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ። ሐኪሙ ዘንድሮን በዓይንህ ታያለህ፣ የከርሞውን እንጃ ብሎታል። አሁን የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው። ይህን ነገረኝና “ወንዙ የሚከፈተው በሚመጣው ወር ቅዳሜ 21 ነው” አለኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ።

አንድ ነገር ይረዳኛል። ዓሣ በሚራባበት ወቅት ወንዙ ሲዘጋ እሱም ሳጥኑን ይዘጋል። እስኪከፈት አይነካውም፣ አያየውም፤ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የኖረው። ስለዚህ ከስድስት ሳምንት በላይ አለኝ። አርባ ስምንቱን አልችልም። የመጀመሪያውን ረድፍ፣ አሥራ ሁለቱን ቡናማ ዝንቦች፣ አስመስዬ እሠራለሁ።

ሐሙስ፣ 7

ቤተ መጻሕፍት። ስለ ዝንብ የሚል መጽሐፍ እፈልጋለሁ ስላት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂዋ ስለ ተባይ ማጥፊያ ሁለት መጽሐፍ አመጣችልኝ። ማጥፋት ሳይሆን መሥራት ነው የምፈልገው አልኳት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ብታዝንልኝም አልፈርድባትም።

በመጨረሻ ከስፖርት መደርደሪያ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ተገኘ። ለጀማሪዎች ይላል። ሥዕል አለው። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል፤ ማውጫ ይሆናሉ ብዬ ወሰድኩት።

ቅዳሜ፣ 9

የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ። መንጠቆ አለ። ለጀማሪ ሁሉን ነገር አንድ ላይ የያዘው ጥቅል ግን አልቋል፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፤ ከመጽሐፍ አትማሪም፣ ከሰው ነው የሚለመደው አለኝ። የሚያስተምር ሰው ታውቃለህ ብዬ ጠየቅኩት።

“አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ መማር የፈለገውን ሁሉ ወደሳቸው ነበር የምንልከው። አሁን ዓይናቸውን ታመው እህታቸው ቤት ገብተዋል አሉ። እህትየዋን ብታገኚያት ጥሩ ነበር።”

እሺ፣ እጠይቃታለሁ አልኩት።

ሰኞ፣ 11

መጽሐፉ የሚጠይቀው ዕቃ ብዙ ነው፤ ግማሹን ሥራ ቦታ አገኘሁት። ለዝንቡ ገላ የሚሆን ለስላሳ ፀጉር ያስፈልጋል፤ ከማድረቂያው ማሽን ማጣሪያ ላይ በየቀኑ የምንጥለው ግራጫ የሱፍ ብናኝ በሽ ነው። አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደ የጥንቸል ፀጉር አንገትጌም አለ። ቀጭኑ የመዳብ ሽቦ ከተበላሸ ሬዲዮ ወጣ። መንጠቆውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ሞርሳ ያስፈልጋል ይላል። የጋሼ ሞርሳ ከአልጋው አጠገብ ከተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ነው። እኔ ፒንሳ አፉን በላስቲክ አስሬ በሁለት መዝገበ ቃላት መሀል አቆምኩት። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ካውያ ላይ የምትሠራው ባልደረባዬ፣ ወሬ ስለማይቋረጥባት እንፋሎት የምንላት፣ ብናኙን በፌስታል ስሰበስብ አየችኝ። ትራስ ልትሠሪ ነው? አለች። ዝንብ አልኳት። ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ ዋለች፤ በታሪኳ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ 13

ዶሮ አራጁ ዘንድ። የቡናማ አውራ ዶሮ አንገት ከነላባው ጠየቅኩት። ሥጋውስ አለኝ። አልፈልግም። እግሩስ? አልፈልግም። ቢላውን አስቀመጠና “እናቴ፣ የመተት ነገር ከሆነ እኔ የለሁበትም” አለኝ። ዓሣ ለማጥመድ ነው ብዬ ብምልም አላመነኝም፤ አንገቱን ግን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሰው እንዳያይ ብሎ አደራ አለኝ።

ማሳደሪያ ስላጣሁ ጋሼ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከስድስቱ ጎን አስቀመጥኩት። እዚያ ማንም አያይም።

እሑድ፣ 17

የመካከለኛዋ እህታችን ደወለች። በየእሑዱ ትደውላለች፤ ጋሼን ወደ እሷ ለመውሰድ ነው። እሷ ያለችበት ከተማ ትልቅ ሆስፒታል አላቸው፣ አሳንሰር ያለው ቤት አላት። ወንዝ የላቸውም። ከወጥ ቤት ሆኜ እሱ ሲመልስላት ሰማሁ፤ “እስቲ ወንዙ ይከፈት፣ ከዚያ እንነጋገራለን። እዚህ ምንም አልጎደለብኝም፤ ዕቃዬንም የሚነካብኝ የለም።”

ድስቱን አሳረርኩት።

ዓርብ፣ 22

አሁን ጅራት ማሰር እችላለሁ። ገላ መጠቅለል እችላለሁ። ላባውን በአንገቱ ዙሪያ አዙሮ ማቆምም፣ ሦስቴ ተሰብሮብኝ፣ በአራተኛው ተሳካ። ክሩን ስቆርጠው ግን ሁሉም ነገር ይተረተራል። ዝንብ የነበረው በመዳፌ ላይ ብትን ይላል።

ለካ መጨረሻ ላይ ቋጠሮ አለ። የተገነጠሉት ገጾች ስለ እሱ ነበሩ። ስልክ ላይ ቪዲዮ ፈለግኩ፤ ስድስት አየሁ። ሰውዬዎቹ ሁሉ እዚያች ቦታ ሲደርሱ ወይ እጃቸው ይጋርደዋል፣ ወይ ኔትወርኩ ይቆማል፣ ወይ “ይሄ ቀላል ነው” ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። ቀላል ነው የሚለውን ሰው ሁሉ ጠላሁት።

ከግድግዳው ወዲያ ቋጠሮውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስር ሰው ተኝቶ ያንኮራፋል። መጠየቅ እችላለሁ። ብጠይቀው ለምን እንደምጠይቅ ይጠይቀኛል።

ማክሰኞ፣ 26

የፈሩት ይደርሳል። ሳጥኑን ስከፍት የዶሮው አንገት ይንቀሳቀሳል፤ ታጥቦ አልነበረማ። የዶሮ ቅማልና ጥቃቅን ጥንዚዛ ሳጥኑን ሞልተውታል። ከስድስቱ ሁለት ቀሩ።

አንገቱን አውጥቼ ጣልኩ። ሳጥኑን በሙቅ ውሃ አጥቤ አደረቅኩ። አንድ ጊዜ ጥፋት ይባላል፤ ሁለተኛውን ምን እንደሚሉት አላውቅም። አልጋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ መድኃኒቱን ጨመርኩለት። ሦስት ጠብታ በየዓይኑ። “እጅሽ ቀዝቅዟል” አለኝ።

ሐሙስ፣ 28

አራጁ ሌላ አንገት ሰጠኝ፤ አሁን በሹክሹክታ ነው የሚያናግረኝ። በሳሙና አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ አራት ቀን እንዲቆይም በረዶ ቤት አስገባሁት። ደንበኛን የምመክረውን ለራሴ ስሠራው ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

ከሁለቱ አንዱን ፈታሁት። ሌላ መማሪያ የለኝም። ከራስ ወደ ጅራት፣ ክሩን እየተረተርኩ እያንዳንዱን ዙር ወረቀት ላይ ሣልኩ፤ ላባው ስንት ጊዜ እንደዞረ፣ ሽቦው በየት በኩል እንደወጣ። ብዙ ተማርኩ። ቋጠሮውን ግን አልተማርኩም፤ ሳይቆረጥ አይፈታም። በምላጭ ስነካው የነበረው ነገር ጠፋ፣ እንዴት እንደነበር አላየሁም።

ጋሼ በዚያች ነጥብ የምታህል ራስ ላይ ይህን ሁሉ ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አላየሁትም። ሠላሳ ዓመት። ሊጠይቀኝ ሲመጣ “ይሄን ኮተት” እያልኩ ነበር ጠረጴዛውን የማስጠርገው።

ረቡዕ፣ 4

በቋጠሮ ፈንታ የጥፍር ቀለም። ክሩን ጠምጥሜ ጫፉን በቀለም እለጥፈዋለሁ። ይይዛል፤ ቢያንስ የያዘ ይመስላል። አሥራ አንድ ሠራሁ፣ ከእሱው አንዷ ጋር አሥራ ሁለት። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ዝንብ ናቸው። ከቅርብ ሲያዩዋቸው ጠጥተው ያደሩ ዝንቦች ናቸው።

እራት ላይ ጋሼ አየሩን አሸተተና “ሚጡ፣ ጥፍር መቀባት የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?” አለኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም ሚጡ ነው የሚለኝ። አንዳንዴ እቀባለሁ አልኩት። “ጥሩ ነው፤ ሰው ራሱን መጠበቅ አለበት” አለ። እንፋሎት ብትሰማ ሠርግ ልትደግስ ትነሣ ነበር።

እሑድ፣ 8

ሳጥኑ ውስጥ የኔዎቹ ዘጠኝ ናቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ሳጥኑም ዞሯል፤ መክፈቻው ወደ ግድግዳ ነበር፣ አሁን ወደ አልጋው ነው። ስጠርግ ያዞርኩት ይሆናል። ሁለቱን ዝንቦችም መጀመሪያውኑ አስገባኋቸው ብዬ ይሆናል እንጂ አላስገባኋቸውም። እንቅልፍ የለኝም፣ ቆጠራም አልችልም።

መካከለኛዋ ደወለች። ጋሼ ዛሬ አጭር አወራ።

ሰኞ፣ 9

ዛሬ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ከሥራ ስገባ ጋሼ በረንዳ ላይ ነበር። “ሚጡ፣ ክር አምጪ። ወፈር ያለ” አለኝ። የጫማ ማሰሪያ ሰጠሁት። እርሳስም ጠየቀ። እርሳሱን አስያዘኝና ማሰሪያውን ዙሪያውን ጠመጠመ። በጣም በዝግታ ነበር የሚሠራው። ከዚያ እጄን ያዘና በጣቶቼ ያሠራኝ ጀመር። ክሩን መልሶ እንደ ቀለበት ይተዉታል፤ ቀለበቱን በራሱ ጅራት ላይ አምስቴ ይጠመጥማሉ፤ ከዚያ ጅራቱን ሲስቡት ቀለበቱ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና ከጥምጥሙ ሥር ገብቶ ይቀበራል። ቋጠሮ የለም፣ ጫፍ የለም፣ ምንም አይታይም። በጥፍሬ ብጎትተው አልንቀሳቀስ አለ።

“መጠምጠም ማንም አያቅተውም” አለኝ። “የሚያቅተው መጨረስ ነው። ቀለም አይጨርስም፤ ውሃ ሲነካው ይለቃል።”

ለምንድነው የምታሳየኝ? አልኩት።

“ዕቃ ማሰር ሲያስፈልግሽ።”

ስልቻ ነው እንዴ የማስረው አልኩት። ሳቀ። ሃያ ጊዜ ያህል አሠራኝ፤ በሃያ አንደኛው እጄን ለቀቀው።

ሐኪሙ ዓይኑ ሲደክም እጁን ሥራ ያስይዝ ብሎ ነበር። ለዚያ ይሆናል። ስለ ቀለም ለምን እንዳነሣ ግን አልገባኝም። ዓርብ ዕለት የወጥ ቤቱ በር ቀለም ለቋል ብዬ አማርሬ ነበር፤ እሱን ሰምቶ ይሆናል።

ሐሙስ፣ 12

የጋሼን ኮት ለወንዙ ቀን ንጹሕ እንዲሆን ይዤ ሥራ ሄድኩ። እኛ ጋ ልብስ ማሽን ሳይገባ ኪስ ይፈተሻል። በሃያ ሁለት ዓመት ጥርስ፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሕይወት ያለ ኤሊ አግኝቻለሁ። ደንባችን አንድ ነው፤ የተገኘው ነገር በፖስታ ይታሸጋል፣ ከልብሱ ጋር ለባለቤቱ ይመለሳል። አይጠየቅም፣ አይወራም።

ከጋሼ ቀኝ ኪስ ሁለት መንጠቆ አወጣሁ። ግራጫ ብናኝ የተንጠለጠለባቸው፣ ክራቸው የተተረተረ፣ ራሳቸው ላይ የቀይ ጥፍር ቀለም ቅራፊ ያለባቸው።

እንፋሎት ምን አገኘሽ አለችኝ። ፖስታ ስጪኝ አልኳት።

ዓርብ፣ 13

ኮቱን ከነፖስታው አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት። “ኪስህ ውስጥ የነበረ ነው” አልኩት። በጣቱ ፖስታውን ዳበሰው። መንጠቆዎቹ ኮሽ አሉ። “አመሰግናለሁ” ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ላባ ግን ይነቅዛል፤ ይህን እኔ አውቃለሁ። ቢሆንም ዝም አልኩ። ከደንበኛ ጋር እንዲህ ነው የሚኖረው። ከወንድም ጋር ግን ደንቡ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

ረቡዕ፣ 18

ሁሉንም አፈረስኳቸው፣ ሁሉንም እንደገና ሠራኋቸው። ከሁለት አዲስ ጋር አሥራ አንድ። ያለ ቀለም። ጣቴ ተበስቷል። ክንፋቸው ይንሻፈፋል፣ ግን አይተረተሩም። ኃይል ባለው ቧንቧ ሥር አንድ በአንድ ይዤ ሞከርኳቸው።

ጋሼ ዛሬ ጠዋት የሻዩን ስኒ ሁለት ጊዜ ሳተው። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የቀረው ይመስለኛል። አይናገርም። ቅዳሜ ይዘንብ ይሆን እንዴ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ፣ 21

ከመጨረሻው አውቶቡስ ማቆሚያ እስከ ወንዙ ድረስ ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። መንገዱን የሚመራው ግን እሱ ነበር። እዚህ ድልድይ አለ፣ እዚህ ድንጋይ አለ፣ ወደ ግራ በይ። ድንጋዩ እዚያው ነበር። ውሃው ጠርቶ ነበር፤ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ሳጥኑን እንድከፍት ነገረኝ። “ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛውን ስጪኝ።”

ከግራ ሦስተኛው የኔ ነው። ፈራሁ፤ ይህን ልደብቅ አልችልም። ወራት ሙሉ ጠብቆ የመጣበት ቀን ነው፤ በኔ ሰካራም ዝንብ ሊበላሽበት ነው አልኩ። እጄ ዳር ላይ ወዳለችው ሄደ፣ ወደ አሥራ ሁለተኛዋ፣ እሱ ራሱ ከሠራቸው ወደ ተረፈችው። እሷን አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

ወደ አፉ አንሥቶ ላባዋን በታችኛው ከንፈሩ ነካ አደረጋት። እንደዚያ ሲያደርግ ከዚህ በፊት አይቼ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

“ይሄ የኔው ነው” አለ። “ሦስተኛውን ነው ያልኩሽ።”

ጋሼ፣ አልኩ። ብሉን፣ ብርድ ልብሱን፣ የዶሮውን ቅማል፣ የፈታኋትን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልናገር ተነሣሁ።

“ዓሣው ይሰማል፤ ዝም በይ” አለኝ።

ሦስተኛውን ሰጠሁት። እሱንም ከንፈሩ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ክሩን በመንጠቆው ዓይን እንዳስገባለት ጠየቀኝ፤ ማሰሩን ራሱ አሰረው። ዘንጉን አንሥቶ ወረወረ። አላየም፣ ግን የት እንደሚወርድ ያውቃል፤ ድምፁን እየሰማ ነበር። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ሁለት ሰዓት ያህል ምንም የለም። በልቤ፣ ከኔ ዝንብ ጋር ውሎ ነው የሚገባው፣ ነገ መካከለኛዋ ስትደውል እሺ ይላታል እያልኩ ነበር።

ከዚያ ዘንጉ ጎበጠ። ጋሼ አልጮኸም፤ አንድ እርምጃ ወደ ውሃው ገባ፣ እኔ ከነጫማዬ ተከትዬ ወገቡን ያዝኩት። ዓሣው ወደ ታች ጎተተ፣ ወደ ድንጋዩ ሄደ፣ ተመለሰ። ረጅም ጊዜ መሰለኝ። በመጨረሻ መረቡን ከሥሩ አስገባሁ። ዝንቧ በከንፈሩ ጥግ ላይ ነበረች፣ ግማሽ ላባዋ ተበልቶ።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን አወጣና የዝንቧን ራስ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ አደረገው። አንዴ፣ ሁለቴ።

“ያዘ” አለ።

“አዎ፣ ትልቅ ነው ደግሞ” አልኩት።

“ዓሣውን አይደለም። ቋጠሮውን ነው ያልኩሽ።”

ዓሣውን ለቀቀው። አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ኮቱ ረጥቦ እኔንም አረጠበኝ። ቤት ስንገባ አወለቀና “ሰኞ ይዘሽልኝ ሂጂ፤ ጭቃ ነክቶታል” አለኝ።

ሰኞ፣ 23

ትናንት መካከለኛዋ ደውላ ነበር። ጋሼ ስልኩን እንድሰጠው አልፈለገም፤ ተኝቷል በያት አለኝ። ቁጭ ብሎ ሬዲዮ እየሰማ ነበር።

ዛሬ ኮቱን ይዤ ሄድኩ፣ እንደ ደንቡ ኪስ ፈተሽኩ። በግራው ምንም የለም። በቀኙ ከአልጋው አጠገብ ያለው የእንጨት ሣጥን ቁልፍ ነበረ። በቀይ ክር ታስሯል፤ ክሩ ጫፍ የለውም፣ ከራሱ ሥር ገብቶ ተቀብሯል። ብዙ ጊዜ እንደፈጀበት ያስታውቃል፤ ጥምጥሙ ሁለት ቦታ ላይ ተዛንፏል።

እንፋሎት ካውያዋን አስቀምጣ መጣች። ቁልፉን አየችና እንደ ልማዷ ወደ መሳቢያው ሄደች።

“ፖስታ ላምጣልሽ?”

“ተዪው፣ የኔ ነው” አልኳት።